ሽፋኑ ካልተጣበቀ ምን ይረባል?

ስለ ብረት ሽፋን ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ፖሊአኒሊን የተባለው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ብረትን ከዝገት እንደሚከላከል በደንብ ያስረዳል፤ ስለ መጣበቁ ግን አንድም ቃል የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። በቤተ ሙከራችን ፖሊአኒሊን የቀባነውን ብረት በምላጭ አግድምና ቁልቁል ሰንጥቀን፣ ፕላስተር ለጥፈን ስንነቅለው አረንጓዴው ሽፋን አብሮ ተገሸለጠ። ከሥሩ ጨውና እርጥበት ከገባ ዝገቱ ተደብቆ ይስፋፋል።

ፖሊፒሮል ለተባለው ሌላው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመር ኦክሳሊክ አሲድ ሁነኛ መፍትሔ ነው። ሽፋኑ በኤሌክትሪክ ሲሠራ አስቀድሞ ከአሲዱና ከብረቱ ስስ የብረት ኦክሳሌት ንብርብር ይፈጠራል፤ እርሱም ብረቱ እንዳይሟሟ ገትቶ ፖሊመሩ የሚይዝበትን መሠረት ያበጃል። ሲሌን የተባለ፣ ሲሊከን ያለበት አያያዥ ኬሚካልም አለ፤ በአንድ ጫፉ የብረቱን ኦክሳይድ፣ በሌላው ፖሊመሩን ይይዛል። ከሁሉ በፊት ግን ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ቅባቱንም በአሴቶን ማጠብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። እባክዎ ጸሐፊው፣ ይህን ቢያክሉበት።