ሳያነቡ ገልብጦ መላክ ይብቃ!

ወገን፣ ዛሬስ ይሄን ነገር ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቻትጂፒቲን ይዞ ማጥናት ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እኔም አጠናበታለሁ። ያልገባኝን ስሌት ደረጃ በደረጃ ያስረዳኛል። ለፈተና ስዘጋጅ ጥያቄ እያወጣ ይጠይቀኛል። ክላስ ውስጥ እጅ አውጥቶ ለመጠየቅ የሚያሳፍር ነገር፣ ሌሊት ዶርም ውስጥ ተጋድሞ መጠየቅ ይቻላል። ዋናው መጽሐፍ እጃችን ሳይገባ ሴሚስተሩ ለሚያልቅብን ልጆች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ቦቱ የጻፈለትን አንድም መስመር ሳያነብ ገልብጦ የሚልክ የግሩፕ አባል ነው።

ሰሞኑን የግሩፕ አሳይመንት ተሰጠን። ርዕሱ እምቦጭ የተባለው አረም በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰው ጉዳት። ባሕር ዳር ተቀምጦ ለሚማር ሰው ከዚህ የቀረበ ርዕስ ከየት ይመጣል? ሥራውን ተከፋፈልን፤ ማጠናቀሩ ለእኔ ደረሰ። የየሰዉ ድርሻ በቴሌግራም ይዘንብ ጀመር። እንግሊዝኛው አንድ ስህተት አይወጣለትም። ሐሳቡን ስታነቡት ግን ያማል።

አንዱ ጣናን በመቶ ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት ያለው ሐይቅ አድርጎታል። ኧረ በፈጣሪ! ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ጥልቀቱ ግን በጣም ገባ ባለበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ይሄ ደግሞ የቁጥር ስህተት ብቻ ሆኖ አይቀርም። እምቦጭ የተመቸው ዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው፣ ወንዞቹም ከማሳው ደለልና ማዳበሪያ እያጠቡ ስለሚያስገቡለት ነው። ጥልቀቱን ከሳታችሁ ቀጥሎ የሚጻፈው ሁሉ ተያይዞ ይበላሻል።

ሪፈረንሱማ የባሰ ነው። የጆርናሉ ስም እውነተኛ ነው። ቅጹ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ገጹ አለ፣ የጸሐፊዎቹም ስም የሀገራችን ሰው ስም ነው። ሊንኩን ስትጫኑት ወይ ምንም የለም፣ ወይ ስለ ሌላ ጉዳይ የተጻፈ ነገር ይከፈታል። የተጠቀሰው ጥናት ጭራሽ አልተሠራም! ቦቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ሪፈረንስ የሚመስል ነገር መደርደር አያቅተውም፤ ጥናቱ መኖሩን ማረጋገጥ ግን የተማሪው ሥራ ነው። አሁን አሁን ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ሊንክ የሚሰጡ ቦቶች አሉ፤ እሱም ቢሆን ተከፍቶ መነበብ አለበት። ለማጣራት ደግሞ ዳታ ይፈጃል። መብራት ይጠፋል፣ ዋይፋዩ ይንቀራፈፋል። ያን ሁሉ ጣጣ የሚሸከመው የሚያጠናቅረው ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። ግሩፓችን ውስጥ ከደምቢያ በኩል የመጣ ልጅ አለ። ሐይቁ ዳር ነው ያደገው። በዘመቻው ጊዜ ከገበሬው ጋር ውሃ ውስጥ ገብቶ እምቦጭ በእጁ ነቅሏል። ታንኳው አረሙ መሀል እንዴት እንደሚታገት፣ መረቡ እንዴት እንደሚተበተብ ሲያወራ ሁላችንም ሥራ ፈትተን ነው የምንሰማው። የሱ ድርሻ በገበሬውና በዓሣ አስጋሪው ላይ የደረሰው ጉዳት ነበር። ምን ላከልኝ? «ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው ሊሠሩ ይገባል» የሚል ሁለት ገጽ እንግሊዝኛ። ካየው ከኖረው አንድ ቃል የለበትም። ምነው ስለው «የኔ እንግሊዝኛ እንደዚህ አያምርም» አለኝ። አንጀቴን በላው። ወንድሜ፣ የምታውቀውን በአማርኛ ጻፈው! እንግሊዝኛውን አብረን እናስተካክላለን፤ ሰዋስው ላይ ቦቱም ያግዘናል። መጠቀሚያው እዚያ ጋ ነበር እኮ!

መምህራን ላይም ቅሬታ አለኝ። «ኤአይ መጠቀም ክልክል ነው» ይሉና ያልፋሉ። ሁሉም ሰው እንደሚጠቀም እነሱም ያውቃሉ። እንዴት እንደሚጣራ የሚያሳየን ግን የለም። አንዳንዱ ጽሑፋችንን «ይሄ በኤአይ የተጻፈ ነው» ብሎ የሚለይ ሶፍትዌር ውስጥ ከትቶ በሚወጣው ፐርሰንት ብቻ ይፈርዳል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን መለያ እ.ኤ.አ. በ2023 ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ዘግቶታል። ታዲያ በምን ታምኖ ነው የተማሪ ማርክ የሚቆረጠው? ጠርተው ለአምስት ደቂቃ ቢጠይቁን ማን እንዳነበበ፣ ማን እንዳላነበበ ወዲያው ይለያል። አሁን ግን ማርኩ የግሩፕ ነው። ሲያጣራ ያደረውም፣ ልኮ የተኛውም እኩል ያገኛል። ይሄ ፍትሕ አይደለም።

አሳይመንቱ የሚገባው አርብ ነው። ለግሩፑ ልጆች ተናግሬያለሁ። ቦቱን ጠይቁ፣ አልከለክልም። ግን እስከ ረቡዕ ማታ እያንዳንዱን ሪፈረንስ ከፍታችሁ፣ የተጠቀማችሁበትን ገጽ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ላኩልኝ። የደምቢያው ልጅ ክፍሉን እንደገና ይጽፋል፤ አብሬው እቀመጣለሁ። ያልላከ ሰው ስሙ ሽፋኑ ላይ አይገባም። የሚቀየመኝ ካለ ካሁኑ ይቀየመኝ።