ዱባይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ ሊፍቱ የማይሠራ አንድ ሕንጻ አለ። እያለከለካችሁ ሁለተኛ ፎቅ ስትደርሱ በግራ በኩል ጥርስ ሐኪም፣ በቀኝ በኩል ዱባይ ታገኛላችሁ። ዱባይ ከመርካቶ በሜትር የተገዛች አረንጓዴ ጨርቅ ናት። ጫፍና ጫፏ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ ግድግዳ ላይ ተወጥራለች። ግሪን ስክሪን ይሏታል፤ ቪዲዮ አቀናባሪው፣ ማለትም ኤዲተሩ፣ ሰውን ፊቷ አቁሞ ይቀርጽና አረንጓዴውን በኮምፒውተር አጥፍቶ በቦታው ዱባይን ይተካበታል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፎቶ ቤቶቻችን ድሮም ሰውን ባለበት አንስተውት አያውቁም፤ ሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴና አበባ የከበበው ቪላ ነበራቸው። ያኔ ግን ፏፏቴው ሥዕል መሆኑን አያትም ያውቁ ነበር። አሁን ቪዲዮው በተለቀቀ በሰዓቱ አክስት ትደውላለች፦ «ይሄ ልጅ ሳይሰናበተን ወጣ?»

ለምን አረንጓዴ ሆነ ብትሉት ኤዲተሩ መልሱ በአፉ ላይ ነው። ጠይምም ይሁን ቀይ ዳማ፣ የሰው ቆዳ ላይ አረንጓዴ የለም። በዚያ ላይ የአብዛኛው ዲጂታል ካሜራ ዓይን ከየአራቱ ብርሃን መቀበያ ነጥቦቹ ሁለቱን ለአረንጓዴ ሰጥቶ ለቀይና ለሰማያዊ አንዳንድ ብቻ ነው የሚያካፍለው፤ ስለዚህ አረንጓዴን አጥርቶ ያያል። በፊልም ዘመን በብዛት ይሰቀል የነበረው ሰማያዊ ነው።

ፕሪሚየር በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ላይ «አልትራ ኪ» የምትባለውን ቀለም ማጥፊያ ይጎትትና ቪዲዮው ላይ ይጥላታል፤ በቀለም መልቀሚያዋ ጨርቁን ነካ ሲያደርግ ግድግዳው ብን ይላል። ባለጉዳዩ እዚህ ላይ ያጨበጭባል። የኤዲተሩ መከራ ግን ገና መጀመሩ ነው። ምስሉን የቀረውንና የጠፋውን በነጭና በጥቁር ወደሚያሳየው አልፋ ቻናል ሲቀይረው ሰውየው ድፍን ነጭ፣ ከኋላው ያለው ድፍን ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ግራጫ ጭረት ከታየ ጨርቁ ተጨማድዷል፤ ጠዋት በካውያ መተኮስ ነበረበት፣ ጠዋት ደግሞ መብራት አልነበረም። ሰው ከጨርቁ ሁለት ሜትር ያህል ፈቀቅ ካላለ አረንጓዴው ነጸብራቅ ጆሮው ላይ ያርፋል። በዚያች ክፍል ውስጥ ሁለት ሜትር ፈቀቅ ያለ ሰው የሚገኘው ጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ነው። ጸጉሩን አጎፍሮ ለመጣማ ዋጋው ሌላ ነው፤ እያንዳንዷ ዘለላ የራሷ ጣጣ አላት።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ሶፍትዌሩ ግድግዳና እናት አለመለየቱ ነው። የሚያሳድደው ቀለም ብቻ ነው። አንዲት እናት አሜሪካ ላለች ልጃቸው የእንቁጣጣሽ ምኞት ሊቀረጹ መጡ፤ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሆነ ቀሚስ ለብሰው፣ ረከቦት አስይዘው፣ ቄጠማ አስጎዝጉዘው። አልትራ ኪ ስትነካቸው ቄጠማው ተቦጫጭቆ ጠፋ። ከአንገታቸው እስከ እግራቸው ደግሞ በጥለቱ መስመር የዱባይ ባሕር ወለል ብሎ ታየ።

«አንተ ልጅ፣ ሆዴ ውስጥ ምንድን ነው የሚንቀሳቀሰው?»

«መርከብ ነው፣ እማማ።»

«አውጣልኝ! ልጄ እናቴ ምን ዋጠች ልትል ነው?»

ሰማያዊ ጨርቅ እስኪሰቀል ቡናው ቀዘቀዘ። የብሔራዊ ቡድኑን አረንጓዴ ማሊያ የለበሰ ጎረምሳም ጭንቅላትና ሁለት እጅ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ባንዲራ ይዞ የመጣ ሲሶውን አጥቶ ይመለሳል። አገር ወዳድነት ለግሪን ስክሪን አይመችም።

የሚመቸው የስኬት አስተማሪ ነው። ግራጫ ሱፉን ግጥም አድርጎ ይመጣል፣ በመስታወት የታጠረ ቢሮ ያዛል፣ «ድህነት ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው» ብሎ ያስተምራል። ሲጨርስ ግማሹን ሂሳብ ቪዲዮው ተመልካች ሲያገኝ ልክፈል ብሎ ይከራከራል። እሱን የሚያጋልጠው ድምፅ ነው፤ ድምፅ የሚነቅል ጨርቅ እስካሁን መርካቶ አልገባም። የሀብትን ምስጢር እየተነተነ ሳለ ከአርባኛው ፎቅ መስታወት ኋላ ወያላ ይጮኻል፦ «መገናኛ! የሞላ! አንድ ሰው!»

ሰሞኑን የሚታዘዘው ባክግራውንድ እየተለወጠ ነው። ወጣቱ አሁንም ዱባይ ይላል፤ ሸምገል ያለው ግን ፒያሳ ላይ ቆሞ «ፒያሳ አድርገኝ» ማለት ጀምሯል። የፒያሳው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ኤዲተሩ የቆዩ ፎቶዎችን ከየሰዉ ስልክ እየለቀመ ያስቀምጣል፤ ገበያው ከዱባይ አይተናነስም። ባለፈው አንድ ጋሼ ባርኔጣቸውን አቃንተው ከተቀረጹ በኋላ ከኋላቸው የሰፈራቸውን ቅያስ አስገባላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ተጠጉ። ቆርቆሮውን አዩ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶውን አዩ፣ ፈገግ አሉ። ወዲያው ፊታቸው ተቀየረ።

«ከዚያ ግሮሰሪ በር ራቅ አድርገህ አቁመኝ።»

«ለምን ጋሼ? ብርሃኑ እኮ እዚያ ጋ ነው የሚያምረው።»

«ዱቤ አለብኝ።»