ለክቡር ፖስትፊክስ፣ የሆቴላችን የኢሜይል ሰርቨር አገልግሎት፤ በተኙበት

ጉዳዩ፦ እንዲነሱልን ስለ መለመን

ክቡርነትዎ፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እርስዎን መቀስቀስ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው፤ ቅሬታ የለኝም። የቅዳሜው ግን ከእንጀራም ያለፈ ነው።

ወቅቱ የጥምቀት ሰሞን ነው። ባሕር ዳር ጢም ብላ ሞልታለች፤ የምሠራበት ሆቴል ደግሞ ጣና ዳር ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ከአውቶቡስ ወርደው ሻንጣቸውን እንግዳ መቀበያው ፊት ደረደሩ። ቀደም ብለው ሲደውሉ «የስም ዝርዝሩን በኢሜይል ይላኩልን» ተብለው ነበር፤ ልከዋል። እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም፤ ክፍሎቹም ለሌላ ተሰጥተዋል። የሆቴሉ ባለቤት አስጠሩኝና በሁሉም ፊት «ይኸውላችሁ፤ ደብዳቤያችሁን የበላው እሱ ነው» አሉ። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ልጄ፣ በምን አወራረድኸው?» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። «አገልግሎቱ መነሳት አልቻለም» ብዬ ብጀምር ማን ይስማኝ! ሻንጣ ተሸከምኩ። ከዚያም በባጃጅ ከፊት እየመራሁ፣ አውቶቡሱን አስከትዬ፣ አልጋ ፍለጋ ከሐይቁ ዳር እስከ ዓባይ ማዶ በየሆቴሉ በር ለመንኩ።

ማታ ከእርስዎ ጋር ተፋጠጥን። ሁኔታዎን ብጠይቅ «አልተሳካም» አሉ። ለምን? «መዝገቡን ይመልከቱ»። መዝገቡን ብገልጥ፦ ፖርት 25 ተይዟል። ይህንኑ መልስ እኮ እኛም ለእንግዶቹ ሰጥተናል! ፖርት 25 ሌሎች ሰርቨሮች ደብዳቤ የሚያስገቡበት በር ነው፤ ማን እንደያዘው ባጣራ ከስርዓተ ክወናው ጋር ተጭኖ የመጣ፣ ማንም ያልጠራው ሌላ የፖስታ ፕሮግራም ሆኖ ተገኘ። ረቡዕ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀድሞ ተነስቶ ተቀምጦበታል፤ ያውም ከራሱ ኮምፒውተር በቀር ከውጭ ለሚያንኳኳ የማይከፍት። እርስዎም፣ ክቡር ፖስትፊክስ፣ «ተይዟል» ብለው በጨዋ ደንብ ተመለሱና ተኙ።

ምነው አንድ ጊዜ እንኳ ብትጮህ? የድሮው ደብዳቤ ስለሚከፈት ሰው ሁሉ ሳጥኑን እያየ «ዛሬም ማንም አልጻፈልንም» ሲል ሰነበተ፤ አንተ ግን የሞትህበትን ምክንያት ማንም በማያየው መዝገብ ውስጥ አንድ መስመር ቀብረህ ዝም! ችግር ሲፈጠር የሚያሳውቅ ነገር ይገዛ ብዬ ጠይቄ ነበር፤ ያለው ይበቃል ተባልኩ። ያለው ማሳወቂያውን የሚልከው በምንድን ነው? በኢሜይል! በአንተው በኩል!

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ አንቱታው ልመለስ።

የገባውን ደብዳቤ ከሳጥን አውጥቶ ለባለቤቱ የሚያሳየው ባልንጀራዎ ዶቭኮትም ቢሆን ደህና አልነበረም። የቀድሞ እትሞቹ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ካዩ፣ ብዙ መዘዝ ከሚመጣ ብለው መዝገብ ላይ ጽፈው ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። ዓመቱን ከሌላው ዓለም 7 ወይም 8 ወደ ኋላ በሚቆጥር አገር!

መብራቱን አላነሳም። ከዚሁ ሐይቅ ውኃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ እያለ በጨለማ መቀመጣችን ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ያልተጠራውን እንግዳ አስወጥቼ፣ ዳግመኛ አብሮ እንዳይነሳ ከልክዬው፣ እርስዎ በመጨረሻ ተነሱ። ላኪ ሰርቨሮች እንደ እርስዎ ቶሎ ተስፋ አይቆርጡም፤ በእርስዎም መደበኛ ቅንብር ቢሆን ያልደረሰ ደብዳቤ እስከ 5 ቀን ድረስ ደጋግሞ ይሞከራል። ስለዚህ የእንግዶቹ ስም ዝርዝር እሑድ ጠዋት፣ እነርሱ ዓባይ ማዶ ቁርስ ሲበሉ፣ በሰላም ገባ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅም በትሕትና መለሰችላቸው፦ «ዝርዝሩ ደርሶናል፤ በጉጉት እንጠብቃችኋለን።»

ግልባጭ፦ ለሆቴሉ ባለቤት (በእጅ የሚሰጥ)