የ118 ዶላሩ አልጋ

በአሜሪካ አይዋ ግዛት፣ በአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ውስጥ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ባለፈው ጥር ለሁለት ቀን ስብሰባ ወደ ሱ ሲቲ ተልኬ ወደ ደሞይን ስመለስ፣ ከነፋስ ጋር የመጣው በረዶ መንገዱን ስለ ሸፈነው ከሀይዌዩ ወጥቼ መጀመሪያ ባገኘሁት ሞቴል አልጋ ያዝኩ። 118 ዶላሩን ከራሴ ካርድ ከፍዬ ደረሰኙን ለሂሳብ ክፍል አስገባሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰኙ ተመለሰልኝ፤ ሞቴሉ ሠራተኞቹን ስለ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር አሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ካገኙት ሆቴሎች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ገንዘቡ ሊተካልኝ አይችልም ተባልኩ።

ይህን የሚያዝዘው የግዛቲቱ ሕግ በ2020 የወጣ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። የግዛቲቱ መሥሪያ ቤቶች፣ ካውንቲዎች፣ ከተሞችና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች የምስክር ወረቀቱ በሌለው ሆቴል ለአዳርም ሆነ ለስብሰባ አዳራሽ የሕዝብ ገንዘብ እንዳያወጡ ይከለክላል። በዓላማው ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። በደላላ ተታለው ዓረብ ሀገር ሄደው ፓስፖርታቸውን የተነጠቁ እህቶች ካደግኩበት ሰፈርም ነበሩና፣ ሰውን እንደ ዕቃ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ አያስፈልግም። ክፍሉ ለቀናት እንዳይጸዳ የሚከለክል፣ የሌላውን ሰው መታወቂያ ይዞ በእርሱ ፈንታ የሚናገር፣ በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚከፍል እንግዳ ሲመጣ የጽዳት ሠራተኛዋና እንግዳ ተቀባዩ ነገሩን ካስተዋሉ አንዲት ልጅ ልትተርፍ ትችላለች።

የሚያንገበግበኝ ቅጣቱ ያረፈበት ቦታ ነው። ሕጉ ሊነፍግ የፈለገው ሠራተኞቹን ያላሠለጠነውን ሆቴል አይደለምን? ሞቴሉ ግን 118 ዶላሩን በዚያው ሌሊት ተቀብሏል፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም፤ ገንዘቡ መከልከሉንም እስከ ዛሬ አያውቅም። የጎደለው ከእኔ ቤት ነው፤ የልጄ የትምህርት ቤት ምሳ የሚከፈልበት ገንዘብ ነበር። ሥልጠናው ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሆኖ ሳለ፣ በአይዋ ለሆቴሎች ግዴታ ስላልሆነ የመንግሥት እንግዳ የማይጠብቅ የመንገድ ዳር ሞቴል ባይወስደው የሚያጣው ነገር የለም። በካሊፎርኒያ ግን ከ2020 ጀምሮ ከተጠቂዎች ጋር ሊገናኙ ለሚችሉ ሠራተኞች ቢያንስ የ20 ደቂቃ ሥልጠና መስጠት የአሠሪው የሆቴሉ ግዴታ ነው፤ ሸክሙ የተቀመጠው ሊሸከመው በሚገባው ትከሻ ላይ ነው።

ዝርዝሩን አስቀድመሽ ማየት ነበረብሽ የሚሉኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ለተያዘ ቀጠሮ፣ ከቢሮ ወንበር ላይ ሆኖ ለሚመረጥ ሆቴል፣ እውነት ነው፣ አይቻለሁም፤ የሱ ሲቲው ማረፊያዬ ዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። በሰዓት ሃያ ማይል እየነዳሁ፣ የፊቴን መኪና መብራት እንኳ ማየት ሲያቅተኝ፣ ስልክ ከፍቼ የምስክር ወረቀት እንድፈልግ መጠበቅ ግን በሕይወቴ እንድቀልድ መጠየቅ ነው። የታወቀ የሆቴል ስም ሰሌዳው ላይ ማየትም ዋስትና አይሆንም፤ ዝርዝሩ በየከተማው ያለውን እያንዳንዱን ሆቴል ለብቻው የሚመለከት ነውና አንዱ ቅርንጫፍ ኖሮበት ሌላው ላይኖርበት ይችላል።

የሂሳብ ክፍሏን ሠራተኛ አልወቅሳትም፤ እያዘነች ነው የነገረችኝ። የምጠይቀው የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ነው። ለሥራ የሚላክ ሰው አልጋው በመሥሪያ ቤቱ በኩል ተይዞለት፣ ክፍያውም በቀጥታ ከመሥሪያ ቤቱ ይሂድ፤ ያን ጊዜ ያልሠለጠነው ሆቴል በእርግጥ ገንዘቡን ያጣል። አየር ተበላሽቶ መንገድ ላይ ለሚቀር ሠራተኛ ደግሞ በዚያች ሌሊት ደውሎ ፈቃድ የሚያገኝበት አንድ ስልክ ይኑር። ይህንኑ በጽሑፍ አድርጌ፣ የዚያን ዕለት የመንገድ ማስጠንቀቂያና ደረሰኙን አያይዤ ትናንት በድጋሚ አስገብቻለሁ።