ኮምፒውተሩ ሳይመጣ ቅጹ ቀድሞ ደረሰ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ያለ ሰው ብሶቴ ከየት እንደሚነሣ ወዲያው ይገባዋል። ከአቀስታ፣ ከወረኢሉ፣ ከመካነ ሰላም ድረስ የመጡ ሰዎች ማስረጃቸውን በፌስታል ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። አንዱ የሥራ ማመልከቻ በኢንተርኔት ሊያስሞላ፣ ሌላዋ ልጇ የተመደበበትን ዩኒቨርሲቲ ልታይ፣ ሦስተኛው ደግሞ መታወቂያውን «በፒዲኤፍ አምጣ» ተብሎ የተመለሰ ነው። ቅጹን ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ግን ይህን ሁሉ ባለጉዳይ እቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ ኮምፒውተሩ የሚጨርሰው አድርጎ አስቦታል። የትኛው ቤት? የትኛው ኮምፒውተር?

ኮምፒውተር በሌላው ዓለም ወደ መኖሪያ ቤት የገባው በአንድ ጀምበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው አልቴር 8800 ገዢው ራሱ ሊገጣጥመው የሚችል፣ ስክሪንም ኪቦርድም የሌለው፣ በማብሪያ ማጥፊያ ቁልፎች የሚታዘዝ ሣጥን ነበር። በ1977 አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔት እና ቲአርኤስ 80 ተገጣጥመው ያለቁ ሆነው ወጡ። በ1982 ደግሞ ኮሞዶር 64 እና የእንግሊዙ ዜድኤክስ ስፔክትረም መጡ፤ እነዚህ እቤት ካለው ቴሌቪዥን ጋር የሚገናኙ፣ ፕሮግራማቸውን ከቴፕ ካሴት ማንበብ የሚችሉ፣ ልክ ሲበሩ ትእዛዝ ለመቀበል የተዘጋጁ ነበሩ። ኮሞዶር 64 በስሙ ላይ የተጻፈው የ64 ኪሎባይት ማስታወሻ ብቻ ነበረው፤ ዛሬ አንድ ጽሕፈት ቤት ስካን የሚያደርገው መታወቂያ እንኳ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። በእንግሊዝ አገር የሕዝቡ ብሮድካስተር ቢቢሲ ስለ ኮምፒውተር የሚያስተምር የቴሌቪዥን ዝግጅት ከማቅረቡም በላይ በስሙ የተሠራ ኮምፒውተር በየትምህርት ቤቱ እንዲገባ መንግሥት ወጪውን አግዟል። ስለዚህ ኢንተርኔት በ1990ዎቹ ወደ ቤት ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ መሣሪያውን ለዓመታት ሲነካካ፣ ሲያበላሽና ሲያስተካክል ቆይቶ ነበር። መጀመሪያ መሣሪያው፣ ቀጥሎ ልምዱ፣ በመጨረሻ ቅጹ።

«እናንተስ ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?» የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። አልቴር ሲወጣ ወሎ በእኛ አቆጣጠር ከ1965 እና 66ቱ ረሀብ ገና መውጣቱ ነበር። የአፕል ማኪንቶሽ ኮምፒውተር በ2,495 ዶላር ለገበያ በቀረበበት በ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኛ ሰው በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የእርዳታ እህል ይጠብቅ ነበር። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1997፣ የግዕዝ ፊደልም በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዓት፣ መለያ ያገኘው በ1999 ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ከዚያ ሞባይል መጣና አብዛኛው ቤት የኮምፒውተሩን ዘመን ሳያይ ዘለለው።

ስልኩን አልንቅም፤ ገንዘብ ይልክልናል፣ ዘመድ ያገናኘናል። ነገር ግን ለሰፊ ስክሪን የተዘጋጀ ቅጽ በስልክ ሲከፈት «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ከጠርዝ ውጭ ይቀራል፤ ፎቶው «ከ2 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም» ይባላል፤ ሜጋባይት ምን እንደሆነ ለወረባቦ ገበሬ የሚያስረዳው ግን ማንም የለም። ስለዚህ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል። እዚያም መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርኩ ሲመጣ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ የማመልከቻው ቀነ ገደብ ግን ለማንኛቸውም አይራዘምም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ኢሜይል የሌለው ባለጉዳይ ኢሜይል እዚያው ይከፈትለታል፤ የይለፍ ቃሉን የምትመርጠው ታይፕ የምታደርገው ልጅ ናት፤ የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚመጣውም አንዳንድ ጊዜ በጽሕፈት ቤቱ ስልክ ነው። ከወራት በኋላ «ውጤትህ በኢሜይል ተልኳል» ሲባል ሰውየው ወደ ራሱ ኢሜይል መግባት አይችልም። የመታወቂያው፣ የዲፕሎማው፣ የጋብቻ ወረቀቱ ቅጂ ከመቶዎች ሰነድ ጋር ዴስክቶፕ ላይ ተደርድሮ ይቀራል፤ ማንም ፍላሹን ሰክቶ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ልጅቷን አልወቅስም። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ጉዳይ የምታስፈጽመው እሷ ናት፤ እንዲያውም «አብሽሩ» እያለች የምታረጋጋን እሷ ብቻ ናት።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር፣ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ለዓመታት ሲነካካ ካደገው ጋር በእኩል ሰዓት ተለካ ማለት ነው። ሒሳቡን ያውቃል፤ የሚቸግረው ጠቋሚውን ትክክለኛው መልስ ላይ ማሳረፉ ነው።

በኢንተርኔት አመልክቱ የሚሉን መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ ቅጻቸውን በተራ ስልክ ሞልተው ይሞክሩት። ኮምፒውተር ያላቸው ትምህርት ቤቶችና ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ለነዋሪው ይከፈቱ። ይህም ካልሆነ ወረቀቱን እንደ ድሮው በመስኮት ይቀበሉን። ይህ ሁሉ እስኪሆን፣ በየጊዜው ለጽሕፈት ቤት የምንከፍለውን ገንዘብና ከመካነ ሰላም ደሴ የሚመጣበትን ትራንስፖርት የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያወራርድልን ይንገሩን፤ ደረሰኙን በፒዲኤፍ እናቀርባለን።