ዐይናችሁ ሲወይብ ኑ!

ሰሞኑን እዚህ ጅማ ውስጥ ስለ ሕክምና ወረፋ በተካሄደ ውይይት ላይ አንድ የጤና ኃላፊ የሰጡት አስተያየት ለጆሮ ይጎረብጣል። ሥራ ላይ ከዋለ ደግሞ ሰው ይገድላል። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደማቸው ተገኝቶ ምንም የማይሰማቸው ሰዎች፣ የጉበት ካንሰር ጀምሯቸው እንደሆነ ለመታየት በየስድስት ወሩ ለአልትራሳውንድ እየመጡ መሣሪያውን ያጨናንቁታል፤ ዐይናቸው ሲወይብ ወይም ሆዳቸው ሲነፋ ቢመጡ ይበቃል፤ የጉበት ካንሰር ሆኖ ቢገኝም መድኃኒት የለውም፤ የሚል ነው ነገሩ። ያጨበጨበም ነበር።

ከሁሉ ከደካማው እንጀምር፤ መድኃኒት የለውም ከሚለው። የትኛው የጉበት ካንሰር? አንድ ትንሽ ዕጢ ወይም እያንዳንዳቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር ያልበለጡ እስከ ሦስት ዕጢዎች ያሉበት፣ ጉበቱም ገና ሥራውን የሚሠራ ሰው፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣለት ወይም በመርፌ ተገብቶ በሙቀት ሊቃጠልለት ይችላል፤ መዳንም አለ። ጉበቱ መሥራት አለመሥራቱ በአምስት ነገር ይመዘናል፦ ዐይን የሚያወይበው ቢሊሩቢን፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚን፣ የደም መርጋት መለኪያው አይኤንአር፣ ሆድ ውኃ መቋጠሩ እና አእምሮ መደናገሩ። ዕጢው ወደ ትልቁ የጉበት ደም ሥር ከገባ ወይም ሳንባ ከደረሰ በኋላ ግን የሚቀረው ዕድሜ የሚያራዝም መድኃኒት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ለዓመታት ብቸኛ የነበረው ሶራፌኒብ፣ በቀን ሁለት ጊዜ 400 ሚሊ ግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ዋናው ጥናት የታማሚዎቹን መካከለኛ የመኖር ጊዜ ከ7.9 ወር ወደ 10.7 ወር ነው ያደረሰው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በደም ሥር የሚሰጡት፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁት የኢሚውኖቴራፒ ቅንጅቶች ይሻላሉ፤ ዋጋቸውን ግን ለሰቃ ገበሬ መንገር ማላገጥ ነው። ስለዚህ ፈውስ ያጣው ዘግይቶ የተገኘው ካንሰር ነው። ኃላፊው ሰውን አዘግይተው ሲያበቁ መዘግየቱን ራሱን ማስረጃ አድርገው ያመጡልናል።

ለመሆኑ ስድስት ወር የሚለው ከየት መጣ? የዚህ ካንሰር ዕጢ እጥፍ ለመሆን በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅበታል። እጥፍ የሚሆነው ግን ይዘቱ እንጂ ወርዱ አይደለም። ይዘቱ እጥፍ ሲሆን ወርዱ የሚጨምረው ከመቶ 26 ብቻ ነው። 1 ሳንቲ ሜትር የነበረው 2 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ሦስት ጊዜ እጥፍ መሆን አለበት፤ በአምስት ወር ብናሰላው 15 ወር ነው። በእነዚህ 15 ወራት በየስድስት ወሩ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሣሪያው ሥር ይተኛል። አንዱ ቢስተው ሌላው ይይዘዋል። በዓመት አንድ ጊዜ ቢመጣ አንዲት ዕድል ብቻ ልትኖረው ትችላለች። ዐይኑ እስኪወይብ ቢጠብቅ ምንም የለውም፤ ምክንያቱም ጉበት የሚተርፍ አቅም ያለው አካል ነው፤ ብዙው ክፍሉ ተበልቶ እንኳ ቢሊሩቢንን ያጣራል። ውስጡም ሕመም አይሰማም፤ የሚያመው ሽፋኑ ሲወጠር ነው። እንግዲህ «ምንም አይሰማቸውም» ተብሎ የቀረበው ነገር ሰዎቹን ለመመለስ የሚበቃ ምክንያት ሆነ? ምርመራው የተፈጠረውኮ ምንም ለማይሰማቸው ነው! የሚሰማውማ ማንም ሳይጠራው ይመጣል።

አልትራሳውንድ ይስታል የሚሉም አሉ። ይስታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳና መጠጠር) ባለባቸው ሰዎች ጅምር ካንሰርን ብቻውን የመያዝ አቅሙ ከመቶ 47 ነው፤ አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው የደም ምርመራ ሲታከልበት 63 ይደርሳል። ታዲያ መልሱ መተው ነው ወይስ አንድ ብልቃጥ ደም መጨመር? የደም ምርመራውን ብቻ አድርጎ «ንጹሕ ነህ» ብሎ ማሰናበት ደግሞ ሌላው ጥፋት ነው፤ ብዙ ትንንሽ ዕጢዎች ቁጥሩን ጨርሶ አይነኩትም። መሣሪያው የሚስተው ብዙ ጊዜ በአሠራር ነው። ታማሚው ስድስት ሰዓት ያህል ካልጾመ የሐሞት ከረጢቱ ይኮማተራል፣ አንጀቱም በአየር ይሞላል። በግራ ጎኑ ተኝቶ በጥልቀት ካልተነፈሰ ከድያፍራም ሥር ያለው የጉበት አናት ከጎድን አጥንት ጀርባ ተሸሽጎ ይቀራል። ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነገር ከታየ በሦስት ወር ይደገማል። 1 ሳንቲ ሜትር ከሞላ ወይም አልፋ ፌቶፕሮቲኑ በሚሊ ሊትር ከ20 ናኖ ግራም ካለፈ ወደ ሲቲ ስካን ነው።

«ክትባቱ ይፈታዋል» የሚለውንም ሰምተናል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው፣ ዛሬ ቡና የሚለቅመውና ባጃጅ የሚነዳው ትውልድ፣ በልጅነቱ አላገኘውም። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ሲሮሲስ ሳይቀድም ካንሰር ማምጣት ይችላል፤ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮችም ሰውን ገና በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜው ይይዛል። የቫይረሱ መድኃኒት ቴኖፎቪር፣ በቀን አንድ 300 ሚሊ ግራም እንክብል፣ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ደኅና ነኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ ያቋረጠ ሰው ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበቱን ሊያነደው ይችላል። በነገራችን ላይ ለጉበት ታማሚ ቡና የሚከለክሉ ሰዎች ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ ማስረጃው ወደ ተቃራኒው ነው የሚያደላው፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2016 ቡና ጠጪዎች ላይ የጉበት ካንሰር አነስ ብሎ እንደሚታይ አስፍሯል። መከልከል ያለበት የሻገተ በቆሎ ነው። በሻጋታው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን በመቀቀልም በመጋገርም አይጠፋም፤ ለላሟ ቢሰጥ በወተቷ ይመለሳል።

ወረፋው መኖሩን አንክድም። ግን መስከረምና መጋቢት አሉ፤ ልክ ስድስት ወር ይራራቃሉ። አንዱ ከቡና ለቀማ በፊት፣ ሌላው ከለቀማ በኋላ። ካርዱ ላይ ሁለት ወር መጻፍና በሳምንት አንድ ጠዋት ለእነዚህ ሰዎች መለየት ምን ያህል ይከብዳል?

አሁን ወደ ወየበው ዐይን እንምጣ፤ ኃላፊው እንደ ደወል የቆጠሩት እሱን ነውና። እስካሁን ባወራነው በጉበት ሕዋስ ካንሰር ደወሉ የሚደወለው አብዛኛውን ጊዜ በማብቂያው ነው። ሐሞትን ከጉበት ወደ አንጀት በሚያወርደው ቱቦ ካንሰር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዋናው ቱቦ ከእርሳስ የማይወፍር ጠባብ መንገድ ስለሆነ እዚያ የበቀለ ትንሽ ዕጢ ይዘጋዋል፤ ዐይን ቀድሞ ይወይባል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ እንደ አመድ ይነጣል፣ ሰውነት ሌሊቱን ሲያሳክክ ያድራል። ይህ ሰው ኃላፊው እንዳሉት በወየበ ዐይኑ መጣ እንበል። ምን ይጠብቀዋል? የወፍ በሽታ ነው ተብሎ መጀመሪያ ሰንሰል ይጨመቅለታል፣ በምላጭ ይበጣል፤ ያው ምላጭ ሄፓታይተስ ቢን ከሰው ወደ ሰው የሚያሻግር ነው። ጤና ጣቢያ ሲደርስም ሄፓታይተስ ነው ተብሎ ቫይታሚን ይዞ ይመለሳል። አንድ አልትራሳውንድ ግን ይለየው ነበር፤ ጉበት ውስጥ ያሉት የቱቦ ቅርንጫፎች ከተነፉ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። የዘጋውም ሁሉ ካንሰር አይደለም። ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ቱቦው የወጣ ወስፋት፣ በቲቢ ያበጠ ንፍፊት ወይም የቆሽት ዕጢም ሊሆን ይችላል። ሳይለዩ «ካንሰር ነው፣ ወደ ቤት ውሰዱት» ማለት ድንጋይ ያለበትን ሰው በቁሙ መቅበር ነው።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ነው ሁሉን የሚወስነው። ትኩሳት ከሌለ ሲቲው ወይም ኤምአርአዩ ከስቴንቱ፣ ማለትም ቱቦውን ከፍቶ ከሚይዘው ቀጭን ቧንቧ፣ ይቀድማል፤ ስቴንት አስቀድሞ ከገባ ቱቦው ይኮማተራል፣ ይቆጣል፣ ዕጢው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አይታይም፤ ቀዶ ሐኪሙም ዐይኑን ታስሮ ይገባል። ሲኤ 19-9 የተባለው የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ ቱቦው ተዘግቶ ሳለ በድንጋይም ይንራል፤ ቢሊሩቢኑ ሲወርድ ካልተደገመ ማስረጃ አይሆንም። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ደም እንዲረጋ የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኬ አይመጠጥም፤ ስለዚህ መርፌ ከመግባቱ በፊት አይኤንአር ይታያል፣ ካስፈለገም 10 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ በመርፌ ይሰጣል። ዐይኑ የወየበ ሰው ካንቀጠቀጠውና ከተኮሰው ግን ቅደም ተከተል የሚባል ነገር የለም፤ አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀመራል፣ በተዘጋው ቱቦ የታሰረውን መግል ማፍሰስም የሰዓታት ጉዳይ ነው። እኛ አገር ብርድ ብርድ ያለው ሁሉ ወባ ነው ተብሎ ስለሚታከም እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጠፋል። ፕላስቲክ ስቴንት በሦስት ወር ገደማ ስለሚደፈን የሚቀየርበት ቀን ካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። ዕጢው ከወጣ ለስድስት ወር የካንሰር መድኃኒቱ ካፔሲታቢን ይከተላል። ካልወጣ ሌሎቹ የካንሰር መድኃኒቶች፣ ጄምሲታቢን ከሲስፕላቲን ጋር፤ እሱም ቢሊሩቢኑ ካልወረደ አይጀመርም።

የሲቲ መጠየቂያ ወረቀት ላይ «ሆድ» ብቻ ብሎ መላክም ይቁም። የጉበት ዕጢ የሚለየው ለሲቲው በደም ሥር የሚሰጠው ቀለም ከተወጋ በኋላ በ35ኛው ሰከንድ ገደማ ሲደምቅና ከደቂቃ በኋላ ከዙሪያው ሲደበዝዝ ነው። በአንድ ዙር የተነሣ ፊልም ይህን አያሳይም፤ ከሚዛን ወይም ከቦንጋ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ ታማሚ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ኃላፊው ያሰሉት ወረፋ ደግሞ ከወየበው ዐይን በኋላ ያለውን አልቆጠረም። ምንም የማይሰማው ሰው መሣሪያው ሥር የሚቆየው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ዐይኑ ወይቦ ሆዱ የተነፋው ሰው ያው አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል፣ ሲቲ ያስፈልገዋል፣ አልጋ ይይዛል፣ ውኃው በየጊዜው ይቀዳለታል፣ ሲቀዳለትም ብዙ ጊዜ እዚያው አልትራሳውንድ ሥር ነው።