አበባ እያየሁ ነው

እኔ አበባ አልወድም። ቤቴ ያለችው አንዲት የፕላስቲክ አበባ እንኳ አቧራዋን ለብሳ ነው የምትኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ አንድ ተራራ ላይ፣ አንዳንዴ ጎንበስ ብዬ አንዳንዴ ተንበርክኬ፣ ወደ 40 የሚጠጉ አበቦችን ሳደንቅ ዋልኩ። ሦስቱ አበባ አልነበሩም። አንደኛው እንደውም የከረሜላ ወረቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጠረው ሰው "ደከመኝ" አይልም። ነውር ነው። "እስቲ ይቺን አበባ እዩልኝ!" ነው የሚለው። ከኋላው ያለውም ነፍሱ ልትወጣ ደርሳ ሰበብ ሲፈልግ ነበርና "ውይ ስታምር!" ብሎ ቀጥ ይላል። ከሱ የኋላው፣ ከዚያም የኋላው እንደዚሁ። አሥራ አራት ሰው ጥፍር የምታህል ቢጫ ነገር ከቦ ቁና ቁና ይተነፍሳል። አንድም ሰው ስሟን አይጠይቅም። ትንፋሹ የተመለሰለት ቀድሞ "እንሂድ እንጂ፣ ምን ሆናችኋል?" ይላል፤ ገና ያልተመለሰለት ደግሞ ፎቶ ያነሳታል። የተፈጥሮ ፍቅር የሚባለው ነገር አብዛኛው የሳንባ ጉዳይ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ጉዞውን ያዘጋጀው የሥራ ባልደረባችን በቴሌግራም ግሩፑ የላከው መልእክት አጭር ነበር፦ "9 ኪሎ ሜትር ብቻ። መንገድ ላይ ሐይቅ አለ። ለሁሉም ሰው ይሆናል።" "ብቻ" የምትለዋን ቃል ማን እንደፈጠራት ባውቅ ጥሩ ነበር። ዘጠኙ ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,200 ሜትር ሽቅብ እንዳለበት ያወቅነው ጫማችንን ካሰርን በኋላ ነው። ዊልያም ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ስሌት አውጥቶለት ነበር፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዝ፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ደግሞ ሌላ 1 ሰዓት ጨምርበት ይላል። በእሱ ሒሳብ 4 ሰዓት ሳይሞላ ጫፍ ላይ መገኘት ነበረብን። የፈጀብን 7 ነው። ሰውየው አበባ አላሰበም።

መቼም ሰው በሰበሰቡበት ሁሉ የማይጠፉ ሰዎች አሉ። አንዱ ልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት አስሮ መጥቷል። ሜዳው ላይ ሳለን "ልቤ 110 ነው" ብሎ በኩራት አወጀ። ዳገቱ ሲጀምር "130!" አለ። 150 ላይ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቁጥር አናውቅም፤ ሰዓቱን አውልቆ ኪሱ ሲከት ግን አይቼዋለሁ።

ሌላው የሚያውቀው ነው። ዳገት ላይ ማውራት መቻል እንደ ባንክ ሒሳብ ነው፤ ያለው ያሳያል። የኛው አዋቂ "ኦክስጅን ቀነሰ የሚባለው ስህተት ነው" ብሎ ጀመረ። "ድርሻው እታችም ሆነ እላይ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። 3,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የምታስገቡት..." እዚህ ላይ የራሱ አለቀበት። አንድ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ሽበት ተመለከተ። የድንጋይ ሽበት፤ ያቺ በድንጋይ ላይ የምትበቅለዋን ማለቴ ነው። እኛም ከበን አየንለት።

እነዚህን ሁሉ እችላቸው ነበር። ያልቻልኩት "አይዞህ"ን ነው።

ከኋላችን አንዲት እናት መጡ። ሰባ ዓመት ቢያልፋቸው እንጂ አያንሳቸውም። በእጃቸው ጃንጥላ፣ በእግራቸው ለገበያ እንኳ የማይመረጥ ሸራ ጫማ። አይቸኩሉም፣ አይቆሙም። ጎኔ ሲደርሱ የሆነ ቅጠል ላይ አቀርቅሬ አገኙኝና ትከሻዬን ቸብ አድርገው "አይዞህ ልጄ" አሉኝ። አይዞህ ሰው ሲታመም፣ ሲያዝን፣ ፈተና ሲወድቅ የሚባል ደግ ቃል ነው። ዳገት ላይ፣ ያውም ከእናትህ በዕድሜ ከምትበልጥ ሴት አፍ ስትሰማው ግን ፍርድ ነው። "ኧረ ደህና ነኝ እናቴ፣ ቅጠሏን እያየሁ ነው" ልል ፈልጌ ነበር። የወጣልኝ "ኧ" ብቻ ነው። እሳቸውም "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ብለውኝ አለፉ። እንቁላሉ በእግሩ እየሄደ ሲቀድመኝ ቆሜ አየሁት።

ጠዋት ከግማሽ መንገድ ላይ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ተገናኘን። "ብዙ ይቀራል?" አልናቸው። "ኧረ ደርሳችኋል፣ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው!" አሉን ፈገግ ብለው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌሎች ወረዱ። "ሃያ ደቂቃ።" ከዚያም በኋላ ሌሎች። "ሃያ ደቂቃ፣ ቢበዛ።" ሃያ ደቂቃዋም እንደ ኦክስጅኑ ናት፤ የትኛውም ከፍታ ላይ ድርሻዋ አትቀንስም።

ተራራ ላይ እውነት የተናገረ ሰው አንድ ብቻ አውቃለሁ። ጣልያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ እ.ኤ.አ. በ1336 ከታናሽ ወንድሙ ጋር ደቡብ ፈረንሳይ ያለውን ሞን ቫንቱን ሊወጣ ሲል መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ እረኛ ያገኛል። እረኛው ከ50 ዓመት በፊት እሱም ወጥቶት እንደነበር፣ ያተረፈውም ድካም፣ ጸጸትና በእሾህ የተቦጫጨቀ ልብስ ብቻ እንደሆነ ነግሮ ተመለሱ ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም። እንደውም ይበልጥ አማራቸው። ወንድምየው ቀጥ ባለው ሸንተረር ሲወጣ ባለቅኔው ለስለስ ያለ መንገድ ፍለጋ ወደ ሸለቆው እየወረደ፣ እንደገና እየወጣ እጥፍ ደክሟል። ይህን ራሱ ነው የጻፈው። በዚህ አከብረዋለሁ፤ ሸለቆውን ላደንቅ ነው የወረድኩት ማለት ይችል ነበር።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ማንም ሰበብ አላስፈለገውም። ድሮ ግግር በረዶ ተራራውን እንደ ማንኪያ ዝቆት የሄደበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተኝቷል። ከላይ ካለው ቅሪት በረዶ የሚወርደው ውሃ የተፈጨ የድንጋይ ዱቄት ይዞ ይገባል፤ ያ ዱቄት ሳይዘቅጥ ተንሳፍፎ ብርሃኑን ስለሚበትነው ሐይቁ ሰማያዊም አረንጓዴም ያልሆነ፣ ቀለም ቀቢ ቢቀባው "አበዛኸው" የሚባል መልክ አለው። ሁላችንም ለሁለት ደቂቃ ያህል ዝም አልን። ቁና ቁና ሳንተነፍስ።

ከዚያ ስልኮቹ ወጡ። "እንዳላየሁህ አድርገህ አንሳኝ" የሚባለው ሥራ ተጀመረ። አንዷ ሐይቁን በትካዜ ስትመለከት ዘጠኝ ጊዜ ተነሳች፤ በዘጠኙም መሐል ዞር እያለች "ሆዴ እንዳይታይ" ትላለች።

ሳምንቱን ሙሉ "እኔ እዋኛለሁ" ሲል የከረመ ልጅ ደግሞ አለ። ፎጣ ይዟል፣ የዋና ቁምጣ ከውስጥ ለብሶ መጥቷል። ሸሚዙን አወለቀ፣ ደረቱን መታ መታ አደረገ፣ "ቪዲዮ ቅረጹ" አለ። የግራ እግሩን አውራ ጣት አገባ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ። ጣቱን አውጥቶ አየው፤ እንዳለ ነው። ከዚያ ወደኛ ዞሮ በረጋ ድምፅ "እንዲህ ያለ ንጹሕ ውሃ ሰው ባያቆሽሸው ይሻላል" አለ። የአካባቢ ጥበቃ ተቆርቋሪ ሲወለድ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሐይቁ በላይ ያለውን አላስረዝመውም፤ ጠጠር ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ላይ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። "ተራራና ተራራ አይገናኝም" ያለው ሰው ተራራ አልወጣም። ጫፍ ነው ብለን ተቃቅፈን የደረስንበት አፋፍ ሌላ ጫፍ ከጀርባው ደብቆ አገኘነው። እሱም ሌላ ደብቋል። ተገናኝተው፣ ተመካክረው፣ ተሰልፈው ነው የሚጠብቁት።

እውነተኛው ጫፍ ላይ ደመና ነበር። ምንም አይታይም። እዚያ የቆየነው 11 ደቂቃ ሲሆን 9ኙ ኔትወርክ ፍለጋ ላይ አልቋል። እናትየዋ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ "መጣህ?" አሉኝ፣ የዘገየ ተማሪ እንደሚባለው።

ስንወርድ ጉልበቴ ከኔ ጋር መሆኑን አቆመ። ሽቅብ የሚጎዳው ሳንባን ነው፣ ቁልቁል የጭን ጡንቻን፤ እየተለጠጠ ሸክም ስለሚይዝ ነው አሉ። ተንኮሉ ደግሞ ዕለቱን አያሳምምም። አንድ ሁለት ቀን ይታገስና ይመጣል። ከሚወጡ ሰዎች ጋር ተገናኘን። ላብ በላብ ሆነው አንዲት ቢጫ ነገር ከበዋል። "ብዙ ይቀራል?" አሉን። አዘጋጁ ባልደረባችን አፉን ሲከፍት ሰማሁት፤ ምን እንዳለ መጻፍ አያስፈልግም።

ማታ ግሩፑ ላይ ፎቶዎቹን ለቀቀ፤ ከሥሩ "በጣም ቀላል ነበር፣ የሚቀጥለው 12 ኪሎ ሜትር ብቻ" ብሎ። ሁላችንም ልብ ሰጠነው።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ከሦስተኛ ፎቅ ልወርድ ደረጃው መሐል ላይ ቀረሁ። ወደፊት ዞሬ መውረድ አልቻልኩም፣ ወደ ኋላ ዞሬ ለመውረድ ደግሞ ሰው ያየኛል። ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። እሱን ማየት ጀመርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ "ምን ሆንክ ወንድሜ?" አለችኝ። "አጠቃቀሙን እያነበብኩ ነው" አልኳት። ይኼኔ ከላይ፣ ሁለት እጁን ድጋፉ ላይ ጥሎ፣ እግሩን እንደ ብርጭቆ እያስቀመጠ አዘጋጁ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። እኔን አየኝ፣ ማጥፊያውን አየ።

"ውይ" አለ፣ "ቀለሙ ሲያምር!"